ትንሿ ነጥብ እንዳትጠፋ

በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ፣ ከሱዳን ድንበር አቅራቢያ የምትገኘው አብደራፊ በሰሊጥና በካላዛር ትታወቃለች። ሁለቱም የተያያዙ ናቸው። በየዓመቱ ከደጋው የሚወርዱ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኞች ሰሊጡን፣ ጥጡንና ማሽላውን ለማረምና ለመሰብሰብ በእርሻው ላይ ያድራሉ፤ በጥቁሩ ዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብም በሌሊት ትነድፋቸዋለች። በንድፊያዋ የሚገባው ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ የተሰኘ ጥገኛ ተሕዋስ ጣፊያን፣ ጉበትንና የአጥንት መቅኔን ያጠቃል። ሳይታከም የቀረ ታማሚ በአብዛኛው ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ የታወቀው የደጋ ወረርሽኝም ከቆላው እርሻ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር ተያይዞ የመጣ እንደ ሆነ ይታመናል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአብደራፊ ለብዙ ዓመታት የካላዛር ታማሚዎችንና በእባብ የተነደፉ ሰዎችን ሲያክም ቆይቷል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲም የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ተቋቁሟል።

ስለ ዲጂታል ፎቶግራፍ ጥራት ለመጻፍ ከካላዛር መነሣት ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ የምስል ጥራት ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሱት የሠርግና የምረቃ ፎቶዎች የጉዳዩን ክብደት አያሳዩም። የሠርግ ፎቶ ቢደበዝዝ ሙሽራዋ ማን እንደ ሆነች አይጠፋንም። ምስሉ ራሱ ማስረጃ በሚሆንበት ቦታ ግን የጥራት ጉዳይ የእውነትና የሐሰት ጉዳይ ይሆናል። የዚህ ጸሐፊ አቋም ባጭሩ፣ ማስረጃ የሆነ ምስል ከካሜራው እንደ ወጣ ሳይነካ መቀመጥ አለበት፣ ማናቸውም ማስተካከያ በግልባጩ ላይ ብቻ መደረግ አለበት የሚል ነው። ይህን ለማድረግ አቅም የለንም የሚለው ሰበብም ዛሬ የሚያስኬድ አይደለም።

ለመሆኑ በካላዛር ምርመራ የሚታየው ምንድን ነው? አርኬ 39 የተባለው ፈጣን ምርመራ ከጣት በተወሰደ ደም በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ይሰጣል። ይሁንና የሚለየው ተሕዋሱን ሳይሆን ሰውነት ተሕዋሱን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። ሕመሙ አገርሽቶበት በተመለሰ ሰው ደም ውስጥ አንቲቦዲው ካለፈው ሕመም የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ታማሚ ደግሞ በቂ አንቲቦዲ ላያመርት ይችላል። በዚህ ጊዜ ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኔ በመርፌ ናሙና ተቀድቶ፣ በመስተዋት ስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ በጊምሳ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ከጣፊያ ናሙና መቅዳት ደም የማፍሰስ አደጋ ስላለው በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ብቻ የሚከናወን ሥራ ነው። እንግዲህ ያ ስላይድ በዋዛ የተገኘ አይደለም።

በስላይዱ ላይ የሚፈለገው ተሕዋስ ክብ ወይም ሞላላ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ ቀይ የደም ሕዋስ እጅግ ያንሳል። በውስጡ ሁለት የተነከሩ አካላት ይታያሉ፤ ትልቁ ኒውክለስ ሲሆን፣ ትንሹ ኪኔቶፕላስት ይባላል። ኪኔቶፕላስት የተሕዋሱ ልዩ የዘረ መል ጥቅል ያለበት፣ አንድ ማይክሮሜትር እንኳ የማይሞላ ዘንግ መሰል ነጥብ ነው። ፕላትሌቶች፣ የፈረሱ ሕዋሳት ስብርባሪና የቀለም ዝቃጭ ተሕዋሱን ሊመስሉ ይችላሉ፤ ኒውክለስና ኪኔቶፕላስት ጎን ለጎን ግን የላቸውም። ስለዚህ የአንድ ሰው የምርመራ ውጤት በዚያች ነጥብ መታየትና አለመታየት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ የተጠራጠረውን ነገር በሌላ ከተማ ላለ ባልደረባው ለማሳየት ቢፈልግ፣ የስልኩን ካሜራ በማይክሮስኮፑ የዓይን ሌንስ ላይ ደግኖ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ ይችላል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ከ20 ዓመት በፊት የማይታሰብ ነበር። ነገር ግን በመንገድ ላይ ምስሉ ምን እንደሚደርስበት በቁጥር እናስላው።

በዘይት የሚሠራው ባለ 100 እጥፍ ሌንስ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ክብ መስክ 200 ማይክሮሜትር ያህል ስፋት አለው። ስልኩ ባለ 12 ሜጋፒክስል ነው እንበል፤ ምስሉ 4000 በ3000 ፒክስል ይሆናል። ክቡ መስክ የምስሉን አጭር ጎን ከሞላው እያንዳንዱ ማይክሮሜትር 15 ፒክስል ይደርሰዋል። የማይክሮስኮፑ ሌንስ ለይቶ ማሳየት የሚችለው ትንሹ ርቀት 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ለዚህ 3 ፒክስል ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ይህም ይበቃል። (ባለ 50 ወይም ባለ 108 ሜጋፒክስል ስልክ መግዛት እዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ወሰኑ የብርሃን እንጂ የስልኩ አይደለምና።) ምስሉ በተለመደው የፎቶ መላኪያ መንገድ ሲሄድ ግን ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። አሁን ለአንድ ማይክሮሜትር የሚደርሰው 4.8 ፒክስል ብቻ ይሆናል። ከ12 ሚሊዮን ፒክስሎች የተረፉት 1.2 ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም ከአሥር አንድ ናቸው። 15 ፒክስል ሊይዝ ይችል የነበረው ኪኔቶፕላስት ቢበዛ 5 ፒክስል ይቀረዋል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም፤ ያነሰው ምስል እንደ ገና በጄፔግ ይጨመቃል። ጄፔግ እ.ኤ.አ. በ1992 ደረጃ ሆኖ የወጣ የምስል መጭመቂያ ዘዴ ሲሆን፣ የተመሠረተው ናስር አሕመድና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት የሒሳብ ዘዴ ላይ ነው። አሠራሩ የሰውን ዓይን ድክመት የሚጠቀም ነው። ዓይናችን የብርሃንን ልዩነት በደንብ ይለያል፤ የቀለምን ጥቃቅን ልዩነት ግን ብዙም አያስተውልም። ስለዚህ ጄፔግ መጀመሪያ ብርሃኑንና ቀለሙን ይለያያቸዋል፤ ብዙውን ጊዜም የቀለሙን መረጃ በወርድም በቁመትም በግማሽ ይቀንሰዋል። ቀጥሎ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል ወደሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍላል። በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ያለውን ለውጥ ዘገምተኛና ፈጣን በሆኑ ሞገዶች ድምር ይገልጸዋል። ዘገምተኞቹን በጥንቃቄ ይይዛል፤ ፈጣኖቹን፣ ማለትም ጥቃቅኑን ዝርዝር፣ በትልልቅ ቁጥር እያካፈለ ያጠጋጋቸዋል፤ ብዙዎቹም ዜሮ ይሆናሉ። ፋይሉን የሚያሳንሱት እነዚህ ዜሮዎች ናቸው።

አሁን ወደ ኪኔቶፕላስቱ እንመለስ። ባለ 5 ፒክስሏ ነጥብ ሙሉ በሙሉ በአንድ ካሬ ውስጥ ልትወድቅ ትችላለች። ከአካባቢዋ የምትለየው በከፊል በቀለሟ ነው፤ የቀለሙ መረጃ ደግሞ በግማሽ ስለ ተቀነሰ ለአንድ ማይክሮሜትር የቀረው 2.4 ናሙና ብቻ ነው። ለጄፔግ እንዲህ ያለች ነጥብ ፈጣን ለውጥ ናት፤ ስለዚህ ከሚጠጋጉት ወገን ትመደባለች። በስልኩ መስተዋት ላይ ምስሉ አሁንም ያማረ ይመስላል፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ሕዋሳት በግልጽ ይታያሉ፤ ነጥቧ ግን ከኒውክለሱ ጋር ተዋሕዳ አንድ ጉብታ ሆናለች። ተቀባዩ ባለሙያ በቅንነት «ፕላትሌት ይመስለኛል» ቢል ጥፋተኛው እርሱ አይደለም።

ምስሉ ግልጽ ብዥታ ቢኖረው ኖሮ ተቀባዩ ሌላ ይላክልኝ ይል ነበር። አስቸጋሪው ነገር መጭመቅ መረጃ አጥፍቶም ንጹሕ የሚመስል ምስል መተዉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ያጋለጠው ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። አንዳንድ የዜሮክስ መሣሪያዎች የቤት ፕላን ስካን ሲያደርጉ ቁጥሮችን፣ ለምሳሌ 6ን በ8፣ ይለውጡ ነበር። ምክንያቱ ጄፔግ ሳይሆን ጄቢግ 2 የተባለ ሌላ መጭመቂያ ነው፤ የሚመሳሰሉ ፊደላትን አንድ ናቸው ብሎ አንዱን በሌላው ቦታ ይተካ ነበር። የተተካው ቁጥር ጥርት ያለ ስለ ነበር ማንም አልጠረጠረም።

ስለ ጄፔግ በተማሪዎች ዘንድ የተሳሳቱ አስተያየቶች ስላሉ በዚህ አጋጣሚ ላንሣቸው። አንዳንዶች የጄፔግ ፋይል በተከፈተና በተቀዳ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። ፋይሉን ሺህ ጊዜ መክፈት ወይም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መገልበጥ አንዲት ቢት አይለውጥም። ጉዳት የሚመጣው ምስሉ ተከፍቶ፣ ተስተካክሎ፣ እንደ ገና በጄፔግ ሲቀመጥ ነው፤ ያን ጊዜ ካሬዎቹ እንደ ገና ይሰላሉ፣ ቁጥሮቹም እንደ ገና ይጠጋጋሉ። በተለይ ምስሉ ጥቂት ተቆርጦ ወይም መጠኑ ተለውጦ ከሆነ አዲሶቹ ካሬዎች ከቀድሞዎቹ ጋር ስለማይገጥሙ በስሕተት ላይ ስሕተት ይደራረባል። ሌሎች ደግሞ የተበላሸ ጄፔግን ወደ ቲፍ ወይም ወደ ፒኤንጂ ቢለውጡት የሚድን ይመስላቸዋል። ቲፍና ፒኤንጂ የተሰጣቸውን ሳያጎድሉ ያስቀምጣሉ እንጂ የጠፋውን አይመልሱም፤ ውኃ የተቀላቀለበት ወተት ዕቃው ቢለወጥ ውኃው አይወጣለትም።

ከዚህ በተቃራኒ ሁሉም ነገር በጥሬ ፋይል ወይም በቲፍ ካልተቀመጠ የሚሉ ጥብቅ ሰዎችም አሉ። እንዲህ ያለው ጥብቅነት ለቆላው ላቦራቶሪ አይበጅም። ባለ 12 ሜጋፒክስል ምስል ሳይጨመቅ 36 ሜጋባይት ይይዛል፤ በከፍተኛ ጥራት የተቀመጠ ጄፔግ ግን 4 ወይም 5 ሜጋባይት ነው። 15 ፒክስል ለአንድ ማይክሮሜትር ካለ ነጥቧ ከአንድ ካሬ ስለምትሰፋ ከካሜራው በቀጥታ የወጣው ጄፔግ ለሥራው ይበቃል። አንድ ጊዜ በጥሩ ደረጃ የተጨመቀ ምስል ዋና ማስረጃ ሊሆን ይችላል። አራት ጊዜ እጅ የገባበት ግን አይችልም።

«መረቡ ደካማ ነው፣ ታማሚው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም» የሚለው ተቃውሞ ግን ቁም ነገር ስላለው በትክክል ሊመለስ ይገባዋል። በሰከንድ 100 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ ግንኙነት የ5 ሜጋባይት ፋይል ለመላክ ወደ 7 ደቂቃ ይፈጃል፤ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ እንደ ገና ይጀመራል። መፍትሔው ምስሉን ከማሳነስ ይልቅ መቁረጥ ነው። ሁለቱ እጅግ ይለያያሉ። ማሳነስ መላውን መስክ ይዞ ዝርዝሩን ይጥላል፤ መቁረጥ ዝርዝሩን ይዞ የማያስፈልገውን መስክ ይጥላል። ባለሙያው የተጠራጠረውን ሕዋስ መካከል አድርጎ 600 በ600 ፒክስል ያህል ከዋናው ምስል ግልባጭ ቆርጦ በፒኤንጂ ቢያስቀምጥ፣ 40 ማይክሮሜትር በ40 ማይክሮሜትር የሆነ አካባቢ በሙሉ ጥራቱ ይገኛል። ሳይጨመቅ እንኳ 1 ሜጋባይት ያህል ነው። ይህን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አያይዞ ቢልከው ቴሌግራም አይነካውም። ከእርሱ ጋር የመላው መስክ ትንሽ ምስል ቢጨመር ተቀባዩ ሕዋሱ የት እንዳለ ያያል። በዚህ መንገድ የሚሄደው መረጃ ከዋናው ፋይል ሩብ ያህል ነው፤ ነጥቧም በቦታዋ አለች።

ስለ ማስተካከያም ጥቂት ልበል። መላውን ምስል በእኩልነት ማድመቅ ወይም የብርሃኑን ሚዛን ማስተካከል፣ እስከ ተነገረ ድረስ፣ በሳይንስ ዘንድ የተፈቀደ ነው። አንዱን ጥግ ብቻ ማድመቅ፣ ቆሻሻ የመሰለውን ነጥብ ማጥፋት፣ ጠርዝን በሶፍትዌር ማሳል ግን ሌላ ነገር ነው። ጠርዝን ማሳል በእውነተኛው ነጥብ ዙሪያ ያልነበረ ቀለበት ሊፈጥር ይችላል። ኤሊዛቤት ቢክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 20,621 የሕይወት ሳይንስ ጽሑፎችን ፈትሸው፣ ከመቶ 3.8 በሚሆኑት ውስጥ አጠያያቂ የሆነ የተደገመ ምስል አግኝተዋል። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ማጭበርበር ብቻ አይደለም፤ የፋይል መቀላቀልም አለ። በሁለቱም ጊዜ አለመግባባቱን የሚፈታው ያልተነካው ዋና ፋይል ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተሮችን ተሕዋስ ፈልጎ እንዲያገኙ ማሠልጠን እየተሞከረ ነው፤ ከቴሌግራም የተለቀሙ ምስሎችን የተመገበ ኮምፒውተር ከተሕዋሱ ይልቅ የጄፔግን ካሬዎች ሊማር ይችላል።

ወደ አቅም ጥያቄ እንምጣ። አንድ ላቦራቶሪ በቀን 20 ምስሎችን ቢያነሣና እያንዳንዱ 5 ሜጋባይት ቢሆን፣ በቀን 100 ሜጋባይት፣ በ300 የሥራ ቀናት 30 ጊጋባይት ይሆናል። የአንድ ዓመት ሥራ በአንዲት ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ግማሽ ላይ ያርፋል። ቦታ የለም ማለት እንግዲህ አይቻልም። ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ሙቀት። በመተማና በአካባቢዋ በበጋው መጨረሻ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ፍላሽና የስልክ ካርድ መረጃን የሚይዙት በጥቃቅን ክፍሎች በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙል ሲሆን፣ ሙሉ በሙቀት ቶሎ ይፈሳል፤ በተለይ ያረጀና ለወራት ኤሌክትሪክ ሳይነካው በመሳቢያ የቆየ ፍላሽ አይታመንም። በኮምፒውተር የተቀዳ ሲዲም በውስጡ ያለው ማቅለሚያ በሙቀትና በብርሃን ይበላሻል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ግልባጭ በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች፣ አንዱም ከቆላው ወጥቶ ደጋ ላይ፣ ለምሳሌ በጎንደር፣ ቢቀመጥ ይበጃል። ፋይሉ በጉዞ ላይ አለመለወጡን ለማረጋገጥ ሻ 256 የተባለውን የፋይል አሻራ ማስላት ይቻላል፤ አንዲት ቢት ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ይለወጣል። ይህን የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ይገኛል። እያንዳንዱ ፋይል ስምና ቀን ሊኖረው እንደሚገባ መናገር እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ነገር ግን «አዲስ 1»፣ «አዲስ 1 የመጨረሻ» የሚባሉ ፋይሎች ያልሞሉበት ኮምፒውተር አይገኝምና ተናገርኩት።

የትንሿ ነጥብ ጉዳይ በማይክሮስኮፕ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከአብደራፊ ወደ ደቡብ፣ መተማን አልፎ፣ በቋራ ወረዳ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል፤ በሱዳን በኩል ከዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በዚያ አንበሳ እንዳለ የአካባቢው ሕዝብ ቢያውቅም፣ ለውጭው ዓለም የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ነው። ተመራማሪው ሐንስ ባወር ከቦርን ፍሪ ድርጅት ጋር ባካሄዱት አሰሳ፣ እንስሳ ሲያልፍ በራሳቸው ፎቶ በሚያነሡ ካሜራዎች የአንበሳ ምስል ተገኘ፤ ዱካም ታየ። በሁለቱ ፓርኮች በአንድነት ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉም ተገመተ። ከግምት ወደ ቆጠራ ለመሄድ አንዱን አንበሳ ከሌላው መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ምልክቶች አንዱ በላይኛው ከንፈር ላይ ጢሙ የሚበቅልባቸው ጥቁር ነጥቦች አቀማመጥ ነው፤ እንደ ጣት አሻራ ከአንበሳ አንበሳ ይለያያል። በሌሊት የተነሣ፣ ቀድሞውንም ብዥ ያለ ምስል ለማሳመር ሲባል «ብጥስጣሹ» በሶፍትዌር ቢጸዳለት፣ አብረው የሚጸዱት እነዚያ ነጥቦች ናቸው። አንበሳው ያምራል፤ የትኛው አንበሳ እንደ ሆነ ግን አይታወቅም።

ከምስሉ ጋር አብሮ ስለሚቀመጠው ድብቅ መረጃም ልብ ማለት ይገባል። ካሜራና ስልክ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አንዳንዴም ቦታውን በፋይሉ ውስጥ ይጽፋሉ። የማኅበራዊ መገናኛ ፕሮግራሞች ሲያሳንሱት ይህንም አብዛኛውን ጊዜ ይጥሉታል፤ ለተመራማሪ ይህ ኪሳራ ነው። ለሕዝብ በሚሰራጨው ግልባጭ ላይ ግን ሆን ብሎ ማጥፋት ያስፈልጋል። የአንበሳው ቦታ ለአዳኝ፣ የታማሚው መንደር ለጎረቤት መታወቅ የለበትም፤ በስላይዱ ጠርዝ በእርሳስ የተጻፈው ስምም በምስሉ ውስጥ መግባት የለበትም። በዋናው ፋይል ውስጥ ያለው ቀንና ቦታ እንዳለ ይቆይ፤ የታማሚው መለያ ቁጥር ከስሙ ጋር የሚገናኝበት መዝገብም ከምስሎቹ ተለይቶ በቁልፍ ይቀመጥ።